መክሊትና ሃንዲካፕ፦ ስለ ቦውሊንግ ውድድርና ስለ ፍትሕ

በችሎታ የማይመጣጠኑ ሰዎችን በአንድ መለኪያ መዳኘት ፍትሕ ነው ወይስ የፍትሕ ጉድለት የሚለው ጥያቄ በፈላስፎችም በነገረ መለኮት ሊቃውንትም ዘንድ ጥንታዊ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው ስለ ግብር፣ ስለ ርስት ክፍፍል ወይም ስለ ሹመት በሚነገርበት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ ተሰልቶና በመዝገብ ሰፍሮ መልስ የሚሰጥበት፣ ሊቃውንቱ ብዙም ልብ ያላሉት አንድ መስክ አለ፤ እሱም በአሜሪካ ከተሞች የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ከሥራ በኋላ ተሰብስበው የሚያካሂዱት የቦውሊንግ ውድድር ነው። በዚህ ውድድር የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ሥራ አስኪያጁና የሌሊት ጥበቃው በዕድሜም በጉልበትም በልምድም ሳይመጣጠኑ በአንድ መስመር ላይ ኳስ ያንከባልላሉ፤ ከመካከላቸው ማን እንዳሸነፈ የሚወሰነው ግን በጣሉት ፒን ብዛት ብቻ አይደለም።

ጨዋታው ሲታይ ቀላል ነው። ተወዳዳሪው ክብደቱ እስከ 16 ፓውንድ፣ ማለትም ከ7 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ኳስ ይዞ፣ 60 ጫማ ወይም 18 ሜትር ያህል በሚረዝም የተወለወለ መስመር ላይ በማንከባለል፣ ከመስመሩ ጫፍ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የቆሙትን ዐሥር ፒኖች ለመጣል ይሞክራል፤ ጨዋታው ፍሬም የሚባሉ ዐሥር ዙሮች ሲኖሩት በየዙሩ እስከ ሁለት ውርወራ ይፈቀዳል። ዐሥሩም በመጀመሪያው ውርወራ ከወደቁ ስትራይክ፣ የቀሩት በሁለተኛው ከወደቁ ስፔር ይባላል። ነገሩ የሚወሳሰበው ነጥብ ሲያዝ ነው፤ ስፔር ላገኘ ሰው የሚቀጥለው አንድ ውርወራ፣ ስትራይክ ላገኘ ደግሞ የሚቀጥሉት ሁለት ውርወራዎች ውጤት በዚያው ዙር ላይ ስለሚደመርለት፣ አንዲት ፒን ሁለት አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ትቆጠራለች። በየዙሩ ዘጠኝ ፒን ጥሎ ዐሥረኛዋን የሚስት ተጫዋች ጨዋታውን በ90 ነጥብ ይፈጽማል። በየዙሩ በመጀመሪያው ውርወራ ዘጠኝ ጥሎ በሁለተኛው ያችን የቀረችውን የሚጥል ተጫዋች ግን፣ በመጨረሻው ዙር የሚፈቀድለትን ተጨማሪ ውርወራ በዘጠኝ ከዘጋ፣ 190 ነጥብ ይያዝለታል። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ልዩነት በየዙሩ አንዲት ፒን ስትሆን፣ በመዝገቡ ላይ ግን የመቶ ነጥብ ገደል ሆኖ ይታያል።

ላለው ይጨመርለታል የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል እዚህ የሒሳብ ደንብ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቁ ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ ስም ያለው ሳይንቲስት ስም ከሌለው ባልደረባው ጋር እኩል ሠርቶም የበለጠ ክብር የሚያገኝበትን ሁኔታ የማቴዎስ ውጤት ብሎ የሰየመው ይህንኑ ቃል ይዞ ነበር። በቦውሊንግ መስመር ላይ ግን የሰው አድልዎ የለበትም፤ ትንሿን ብልጫ ወደ ትልቅ ብልጫ የሚቀይራት የነጥብ አያያዙ ራሱ ነው።

ሃንዲካፕ የሚባለው ደንብ ወደ ውድድሩ የሚገባው በዚህ ላይ ነው። ሃንዲካፕ ማለት ደካማው ተጫዋች ከብርቱው ጋር ለመወዳደር እንዲችል አስቀድሞ የሚታሰብለት ተጨማሪ ነጥብ ሲሆን፣ ስሌቱም የአዘጋጆቹ ምርጫ ቢለያይም በአብዛኛው አንድ መነሻ ቁጥር፣ ለምሳሌ 220፣ ይወሰድና የተጫዋቹ የቀድሞ ጨዋታዎች አማካይ ከዚያ ላይ ተቀንሶ ከልዩነቱ የተወሰነ እጅ፣ ለምሳሌ 90 በመቶው፣ በየጨዋታው ይደመርለታል። አማካዩ 190 የሆነው የሌሊት ጥበቃ በዚህ ስሌት 27 ነጥብ፣ አማካዩ 90 የሆነው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ 117 ነጥብ ይታሰብላቸዋል። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ከተጫወቱ ጥበቃው በ217፣ ሥራ አስኪያጁ በ207 ይጨርሳሉ፤ ልዩነታቸው ዐሥር ነጥብ፣ ማለትም በየዙሩ አንዲት ፒን ይሆናል። መነሻው ወይም መቶኛው ቢለወጥ ቁጥሩም ስለሚለወጥ ይህ ግጥጥሞሽ ነው፤ ቢሆንም ሃንዲካፕን እንደ ምጽዋት ብቻ ለሚመለከት ሰው መልስ አለው። በዚህ ምሳሌ ደንቡ ለደካማው ያልነበረውን አልፈጠረለትም፤ የነጥብ አያያዙ ያገነነውን ልዩነት ወደ ነበረበት መጠን መለሰው እንጂ። ከመቶ 90 እንጂ ሙሉው መቶ አለመታሰቡም ተራ ነገር አይደለም። ሙሉው ቢታሰብ ኖሮ ብርቱነት ምንም ሳይጠቅም ይቀርና ውድድሩ ሰው ከትናንት ራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል ብቻ ይሆን ነበር፤ ሳይታሰብ የቀረው ዐሥር በመቶ ለትጋት የተተወ ድርሻ ነው።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው፣ በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል፣ ክብርና ሀብት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ እንደ ብቃቱ መጠን ሊደርሰው እንደሚገባ ያስተምራል፤ እኩል ያልሆኑ ሰዎች እኩል ሲያገኙ ጠብና ክስ እንደሚነሣም ይናገራል። በእሱ ዓይን ሃንዲካፕ የተገላቢጦሽ ነው ሊባል ይችላል። ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ ላይ ደግሞ የተፈጥሮ ተሰጥኦ ማንም በሥራው ያላገኘው ዕጣ ስለሆነ፣ ተሰጥኦው ብቻውን ለባለቤቱ ትልቁን ድርሻ የመውሰድ መብት አይሰጠውም ብሎ ይከራከራል። ይህ አባባል ለጠንካራ ክንድና ለተረጋጋ ዓይን ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥበቃው 190 የደረሰው በክንዱ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ቅዳሜውን ሠውቶ እንደሆነ፣ የሮልስ መልስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ሮልስ ለመትጋት መቻልም ራሱ ከአስተዳደግና ከዕድል የሚገኝ ነው ይላል፤ እንዲህ ከተባለ ግን ለማመስገንም ለመውቀስም የሚተርፍ ሰው አይኖርም።

ከሁለቱ ይልቅ ለጉዳዩ የሚቀርቡት ወንጌላውያኑ ናቸው፤ ምክንያቱም አንድ የሚመስል ምሳሌ በሁለት የተለያየ ሒሳብ ጽፈውልናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 አንድ መኰንን ዐሥር ባሮቹን ጠርቶ ለእያንዳንዳቸው እኩል አንዳንድ ምናን ይሰጣል፤ ሲመለስም ዐሥር ያተረፈው በዐሥር ከተሞች፣ አምስት ያተረፈው በአምስት ከተሞች ላይ ይሾማሉ። መነሻው እኩል፣ ሽልማቱ እንደ ውጤቱ ነው፤ ያለ ሃንዲካፕ የሚደረግ ውድድር ይህን ይመስላል። በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ግን ጌታው አስቀድሞ የእያንዳንዱን ዓቅም አይቶ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ይሰጣል፤ አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሚሰሙት የምስጋና ቃል አንድ ነው። መነሻው እንደ ዓቅም፣ ምስጋናው እኩል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም ስድስተኛውን እሑድ ገብር ኄር ብላ የሰየመችው በዚህ ምሳሌ ስለሆነ፣ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሆኖም በስብከት ላይ በብዛት የሚነሣው መክሊቱን የቀበረው ሦስተኛው ባሪያ ሲሆን፣ ሁለት መክሊት ያተረፈው ሰው፣ ማለትም ከአምስቱ ያነሰ ሠርቶ እኩል የተመሰገነው፣ ያለ ትርጓሜ ይታለፋል። የሃንዲካፕ ጉዳይ ያረፈው ግን በእሱ ላይ ነው።

ሦስተኛው ባሪያም በውድድሩ ቦታ አለው፤ ሆኖም መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ሃንዲካፕ የሚሰላው ከቀድሞ አማካይ ስለሆነ፣ አማካዩን ዝቅ ያደረገ ብዙ ነጥብ ይታሰብለታል፤ ስለዚህ አንዳንዱ በማያስፈልገው ጨዋታ ሆን ብሎ ኳሱን ወደ ጎን ቦይ እየሰደደ፣ ዋናው ቀን ሲደርስ ደግሞ እውነተኛ ክንዱን ያሳያል። ተጫዋቾች ይህን ሳንድባጊንግ ይሉታል። ይህ ሰው መክሊቱን ቀብሯል፤ ነገር ግን የወንጌሉ ባሪያ የቀበረው ጌታውን ፈርቶ ሲሆን፣ ይህኛው የሚቀብረው ጌታው ለደካማ ሰው እንደሚራራ አውቆ ነው፤ በደሉም በዚያው መጠን የከፋ ነው። ብዙ የውድድር አዘጋጆች ይህን ለመከላከል ተጫዋቹ ካስመዘገባቸው አማካዮች ከፍተኛውን ይይዙበታል። የመሥሪያ ቤት የአንድ ምሽት ውድድር ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ መዝገብ ስለሌለው፣ አዘጋጁ ወይ ተወዳዳሪውን ጠይቆ ያምነዋል፣ ወይ የመጀመሪያውን ጨዋታ መለኪያ ያደርገዋል፤ በሁለቱም መንገድ ፍትሑ የተንጠለጠለው በሚዳኘው ሰው ሐቀኝነት ላይ ነው። ምሕረት የሚሰጥ ሥርዓት ሁሉ ይህን ደካማ ጎን ይዞ ይኖራል፤ ምሕረቱን ማጥፋት ደግሞ ሳንድባጊንግ ከሚያመጣው ጉዳት የባሰ ነው።

ከመስጠት ይልቅ መቀበል የሚከብድበት ጊዜም አለ። ሥራ አስኪያጁ 117 ነጥብ የሚታሰብለት፣ ጥበቃው 27 የሚታሰብለት ማታ፣ ቀን በደመወዝና በማዕረግ የተዘረጋው መሰላል ተገልብጦ ይቆማል፤ ብርቱ የሚባለው ደካማ ሆኖ፣ ያውም ቁጥሩ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል። (በወር ደመወዝ ያለውን ልዩነት እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚቀበል ሰው በዘጠና ነጥብ ልዩነት ሲሟገት መስማት ያስገርማል።) በኢትዮጵያ ገጠር በገና ዕለት በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ በሚጫወቱት የገና ጨዋታ፣ ጌታ ቢነካም ቢሰደብም እንደማይቆጣ የታወቀ ልማድ ነው። በልማዱ ማዕረግ ለአንድ ቀን ይታገዳል፤ በሃንዲካፕ ግን ልዩነቱ አይታገድም፣ ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ከዚያም በከፊል ይካካሳል። የገናው ልማድ ለደካማው ነፃነት ይሰጠዋል እንጂ ድካሙን በአደባባይ አያስመዘግበውም፤ በዚህ ረገድ ለተቀባዩ ክብር የሚጠነቀቀው የገናው ልማድ ነው።

ሃንዲካፕ የሚያስተካክለው አስቀድሞ በመስመሩ ላይ እንዲቆም ለተፈቀደለት ሰው ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1895 በኒውዮርክ የተቋቋመውና የጨዋታውን ደንቦች አንድ ወጥ ያደረገው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ፣ እስከ 1950 ድረስ አባልነትን ለነጭ ወንዶች ብቻ ወስኖ ኖሯል፤ የዘሩን ገደብ ያነሣውም የመኪና ሠራተኞች ማኅበርን ጨምሮ ብዙዎች ከታገሉት በኋላ ነው፤ በ1939 ጥቁር ተጫዋቾች በዲትሮይት የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር የመሠረቱትም በዚህ ምክንያት ነበር። የኳሱን ክብደትና የመስመሩን ርዝመት እስከ ሽርፍራፊ የሚለካ ተቋም ያንን ሁሉ ዘመን በሩ ላይ የቆመውን ሰው ሳይለካ ኖረ።

የደንቡ ከባዱ ፈተና ያለው ግን ከደካማው ዘንድ ሳይሆን ከፍጹሙ ዘንድ ነው። ዐሥራ ሁለት ስትራይክ በተከታታይ የመታ ሰው 300 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ መምታት አይቻልም። አማካዩ 220 የሆነና በዚህ ምክንያት ምንም ሃንዲካፕ የማይታሰብለት ተጫዋች በአንድ ምሽት 300 ቢመታ፣ አማካዩ 140 የሆነ ባልደረባው ደግሞ ከልማዱ በላይ ተጫውቶ 229 ቢመታ፣ ለሁለተኛው 72 ተደምሮለት በ301 ያሸንፋል። የመጀመሪያው አንድም ስሕተት አልሠራም፤ ሊያደርግ ይችል የነበረና ያላደረገው ነገር የለም፤ ቢሆንም ተሸንፏል። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 ከማለዳ ጀምሮ በወይኑ ቦታ የደከሙት ሠራተኞች፣ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ከመጡት ጋር እኩል አንድ ዲናር ሲከፈላቸው ያጉረመረሙት እንዲህ ባለ ስሜት ነበር። ማጉረምረማቸውን በምቀኝነት ብቻ መተርጎም የተለመደ ቢሆንም ሚዛናዊ አይደለም፤ የቀኑን ሙቀት የተሸከመ ሰው ሸክሙ እንዲታይለት መሻቱ ክፋት አይደለምና። የወይኑ ቦታ ጌታ መልስም ድካማቸውን አልካደም፤ የተስማሙበትን ዲናር ያለ ጉድለት እንደሰጣቸው ብቻ አስታወሳቸው። የፍጹሙ ተጫዋች ዲናርም እንዲሁ ነው፤ 300 ነጥቡ ያለ ሃንዲካፕ በሚያዘው መዝገብ ላይ ሳይሸራረፍ ይቆያል፣ የተነጠቀው የምሽቱ ዋንጫ ነው። ብዙ አዘጋጆች ቅሬታውን ለማስቀረት ሁለት ሽልማት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ በተጨባጭ ለተመታው ነጥብ፣ ሌላው ከነሃንዲካፑ ለተደመረው። ይህ ለሰላም የሚበጅ ዘዴ ቢሆንም ጥያቄውን ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ አይመልሰውም፤ ባልደረቦቹ ከሁለቱ ሽልማቶች የትኛውን እውነተኛ ብለው እንደሚቈጥሩት በሚቀጥለው ቀን ለምሳ ሲቀመጡ ከሚያወሩት ይታወቃልና።