ለዕውቀትም ጊዜ አለው

ከእንጦጦ አናት ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ያያታል። አንድ ቀን በዚያ ስፍራ፥ ዐሥር ዓመት በቅጡ ያልሞላቸው ሦስት ልጆች ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው በአንድ የእጅ ስልክ ላይ ተደፍተው አየሁ። ስጠጋቸው ደንግጠው ስልኩን ሸሸጉት። ምን ይመለከቱ እንደ ነበረ ኀፍረታቸው ነገረኝና ዝም ብዬ አለፍሁ። ከተራራው ስወርድ ግን አንድ ጥያቄ አብሮኝ ወረደ፤ ለአዋቂ የተዘጋጀውን ነገር ከሕፃን ዓይን መከልከል ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ መከልከል ብቻውን ይበቃልን?

መከልከሉ እንደሚገባ ሕጋችን ይመሰክራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን በ29ኛው አንቀጽ ሲያጸና፥ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል በዚያው አንቀጽ አመልክቷል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅም ሕፃናትን በብልግና ጽሑፍና ሥዕል የሚያባብለውን ሰው ይቀጣል።

ከዚህ አልፎ «ሁሉ ይዘጋ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ማኅበራዊ መገናኛዎች በተዘጉ ጊዜ፥ በሩ የተዘጋው በሌባው ላይ ብቻ ሳይሆን በደኅናውም ሰው ላይ ነበር።

አባቶቻችን ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቁት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግም ሕፃን፥ ከመዝሙሩ ጋር አብሮ የሚገኘውን የሰሎሞንን መኃልየ መኃልይ በግዕዝ ያነበዋል። ቃሉ የሙሽራና የሙሽራዪቱ ፍቅር ነው፤ ሆኖም ከልጁ አልተሸሸገም። ትርጓሜውን የሚማረው ግን ካደገ በኋላ፥ በመጻሕፍት ቤት፥ ከመምህር አፍ ነው። ይህን ቅዱስ መጽሐፍ ከብልግና ሥዕል ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ አንዱ ፍቅርን ሲያከብር ሁለተኛው ሰውን እንደ ዕቃ ያደርጋል። ልብ እንድንል የምሻው ሥርዐቱን ነው፤ ለዕውቀቱ ጊዜም መምህርም ነበረው።

ስልክ ግን ሁለቱም የሉትም። ለሰባት ዓመት ልጅና ለአርባ ዓመት ጐልማሳ አንዱን ነገር እኩል ያቀርባል። ስለዚህ ሕግና ቍልፍ ለሕፃኑ የጐደለውን ጊዜ ይሰጡታል፤ መምህር ሊሆኑት ግን አይችሉም። «ነውር ነው» ብሎ ዝም የሚል ወላጅ ልጁን የጠበቀው ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ያየውን ነገር ብቻውን ተሸክሞ ይኖራል። እኔም በዚያ ቀን ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቈጥሬው ነበር፤ አሁን ሳስበው ሽሽት ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ታላላቆችህ ቢከለክሉህ እንደ ንቀት አትቍጠረው። ያላሰብኸውን ክፉ ነገር ብታይም ለብቻህ አትሸከመው፤ ለምታምነው ታላቅ ሰው ንገረው። ታናሽ ወንድምህ ወይም እኅትህ ስልክ ሲሸሽጉ ብታይ ደግሞ አትጩኽባቸው፤ እንደ እኔም አትለፋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥና በቀስታ ጠይቃቸው።