የፊት ነርቭ፦ ምስሉ የሚያሳየውና የማያሳየው

ሰባተኛው የአንጎል ነርቭ በጠባብ የአጥንት ቦይ አልፎ ከጆሮ ሥር ይወጣና በምራቅ ዕጢ ውስጥ ይከፋፈላል። ግንባር የሚቋጠረው፣ ዐይን የሚከደነው፣ ከንፈር ለፈገግታ የሚሸሸው በእሱ ነው። እዚያ አካባቢ እባጭ ሲበቅል ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት ምስል ያስነሳል፤ ሲቲ ስካን የአጥንቱን ቦይ፣ ኤምአርአይ ለስላሳውን አካል ያሳያል። በምራቅ ዕጢው ውስጥ ግን ነርቩ ራሱ በተለመደው ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ አይለይም። ከመንጋጋ ኋላ የሚወርደው የደም ሥር ጎልቶ ስለሚታይ፣ ነርቩ ከእሱ ወደ ቆዳ ቀረብ ብሎ እንዳለ ይገመታል።

ከሰቆጣ ሪፈር ተጽፎለት ለምርመራ ወደ ትልቅ ከተማ የሚሄድ ታማሚ ሌላም ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ፊቱ ባንድ ወገን የወደቀ ሰው ብርድ መታው፣ ቡዳ በላው ይባላል፤ በኃጢአቱ ነው ብሎ የሚያማም አይጠፋም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሳያስበው ለሐሜቱ መንገድ የከፈተ ይመስላል፤ ጻድቃንን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎችን በጎን ባንድ ዐይን ይሥላልና።

ትምህርቱ ግን ለሐሜቱ ቦታ አይሰጥም። ሊቃውንቱ የእግዚአብሔርን አርአያ በነፍስ ያዩታል፤ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት በመሆኗ የሥላሴ ምሳሌ ናት። በሰቆጣ አቅራቢያ፣ በውቅር መስቀል ክርስቶስ፣ የዋግ ገዢዎች የነበሩት የዋግሹሞች እንደሆነ የሚነገር የደረቀ አስከሬን አለ። ሥጋው እስካሁን ቆይቷል፤ አርአያው ግን በሥጋው አልነበረም። እንግዲያው የተጣመመ ፊት ከአርአያው አንዳች አላጎደለም። ታዲያ ለምን ይታከማል ለሚል፣ ሐኪምን ፈጣሪ እንደሠራው መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራል፤ ትውፊትም ሐኪሙን ሉቃስን የእመቤታችን ሠዓሊ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የማይከደን ዐይን ይደርቃል፣ ይቆስላል።

ከባዱ ምርጫው ነው። በመስማትና በሚዛን ነርቭ ላይ የሚበቅለው፣ ካንሰር ያልሆነው እባጭ የፊት ነርቭን ለጥጦ ያሳሳዋል። ጨርሶ ማውጣት ፊትን ሊያሳጣ ይችላል፤ ጥቂት መተው ደግሞ እባጩ እንዳያድግ ዘወትር መከታተልን ይጠይቃል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የሐውስና ብራክማን መለኪያ የፊትን እንቅስቃሴ በ6 ደረጃ ይከፍላል፤ 1ኛው ጤነኛ፣ 6ኛው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ። ቁጥሩ ግን ለሁሉ እኩል አይመዝንም፤ ለገበሬው የሚበቃው ደረጃ ለመሪጌታው ላይበቃ ይችላል፤ ከንፈሩ ካልገጠመ «መ» እና «በ» ይፈርሱበታል።

ማደንዘዣ የወሰደ ሰው አይጠየቅምና፣ ታማሚው ከቤተሰቡና ከፈለገም ከነፍስ አባቱ ጋር መክሮ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የተቆረጠ ነርቭ ተቀጥሎም ለማገገም ወራት እንደሚወስድ፣ ካገገመ በኋላም ሲስቅ ዐይኑ አብሮ ሊከደን እንደሚችል ሊነገረው ይገባል።