አንድምታ የማያውቅ ተርጓሚ

የታዘዘውን ቃል አንዲት ሳያጓድል የፈጸመ አገልጋይ፣ የአዛዡን ልብ ሳያውቅ ቢፈጽመው፣ ታዛዥ ሊባል ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ አርድእት በአባቶቻቸው እግር ሥር፣ ዳኞችም በፍርድ ወንበር ላይ ሲያነሡትና ሲጥሉት የኖሩት ነው፤ እኔን ግን በእውነት ያስጨነቀኝ ከመጽሐፍ ሳነበው ሳይሆን፣ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዝ ለመማር ከእኅቴ ልጅ አጠገብ በተቀመጥሁ ጊዜ ነው።

የምማረው ነገር ሼል ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቅርፊት ማለት ሲሆን፣ የማሽኑን ሀብት ሁሉ የሚያስተዳድረው የውስጠኛው ክፍል በፍሬ ከተመሰለ ዘንድ፣ ሰው ከውጭ ሆኖ ትእዛዙን የሚያቀብልበት ፕሮግራም ቅርፊት መባሉ የተገባ ነው፤ ስያሜውንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዛሬ ብዙው ጀማሪ የሚገናኘው ባሽ ከተባለው ጋር ሲሆን፣ እርሱም ስቲቨን ቦርን በቤል ላብራቶሪ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሰባተኛ እትም ጋር ለወጣው ሼል ምትክ ይሆን ዘንድ ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ነው። የስሙ ፍቺ «እንደ ገና ቦርን» ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ ጆሮ «ዳግመኛ የተወለደ» ተብሎ ይሰማል፤ ሰሙ የሰው ስም፣ ወርቁ የወንጌል ቃል መሆኑ ነው። ቅኔ ቤት ያልገቡ ሰዎች እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል ማግኘታቸው ቢያስደንቀኝም፣ ከዚያ ይልቅ የሚያስገርመኝ ወርቁን በስሙ የተሸከመው ፕሮግራም ራሱ ከሰም በቀር ምንም የማያውቅ መሆኑ ነው።

ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል ነው። በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል መጀመሪያ መስመር ላይ ጽሑፉን የሚያነበው ተርጓሚ ማን እንደ ሆነ ይጻፋል፤ ከዚያ በታች ትእዛዞቹ በየመስመሩ ይሰለፋሉ፤ ፋይሉም እንዲሠራ ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይተኛል። ኤኮ የምትባለው ትእዛዝ የሰጧትን ቃል መልሳ በስክሪኑ ላይ ስለምታወጣ የሁሉም የመጀመሪያ መልመጃ እርስዋ ናት፤ እኔም በስሜ ጠርታ ሰላም እንድትለኝ አደረግሁና እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ቀጥሎም በዕለቱ ቀን የተሰየመ ፎልደር መፍጠርን፣ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየጠሩ ስማቸውን መለወጥን፣ የሳምንቱን ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥን ተማርሁ።

ሼል ተርጓሚ መባሉ ግን የእኛን ሰው የሚያሳስት ስም ነው። በእኛ ዘንድ ተርጓሚ ማለት ከአንዱ ንባብ ላይ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት ምሥጢር የሚያወጣ፣ ንባቡ የጎደለ ቢመስል ከምሥጢሩ የሚሞላ፣ ቃሉ ከባሕርዩ ጋር የሚጣላ ቢሆን ጸሐፊው ያሰበውን ፈልጎ የሚያስታርቅ የመጽሐፍ መምህር ነው። ሼል በአንጻሩ ንባቡን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ እንደ ተጻፈውም ይሠራል፤ «አንድም» ብሎ አያውቅም። ቅዱስ ጳውሎስ በፊደልና በመንፈስ መካከል ያደረገውን ልዩነት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ከመንፈስ ፈጽሞ የተለየ ፊደል ግን ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ በዓይኔ ያየሁት ገና በዚህ ጊዜ ነው።

ነገሩም እንዲህ ሆነ። በዚያ ወራት ወዳጆቼ በድካም ያነሧቸውን የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎች በየስማቸው እንድለይ አደራ ተቀብዬ ነበር። ከመካከላቸው ስማቸው «ረቂቅ» ብሎ የሚጀምር፣ ደብዝዘው ስለ ወጡ የማይጠቅሙ ጥቂት ቅጂዎች ስለ ነበሩ፣ እነርሱን ለመሰረዝ አንዲት መስመር ጻፍሁ። በሼል ሥርዓት ኮከብ የምትመስለው ምልክት «በዚህ ቦታ የሚመጣ ማንኛውም ነገር» ማለት ናት፤ ስለዚህ «ረቂቅ»ን ጽፌ ኮከቧን አጣብቄ ባስከትል ኖሮ የታሰቡት ብቻ በጠፉ ነበር። እኔ ግን በቃሉና በኮከቧ መካከል አንዲት ባዶ ቦታ ተውሁ፤ በእጅ ጽሑፍ ቢሆን ማንም የማያስተውላት፣ አስተውሎም የማይነቅፋት ክፍተት ናት። ለሼሉ ግን መስመሩ ሁለት ነገር አዘዘ፦ መጀመሪያ «ረቂቅ» የተባለውን ፋይል፣ ቀጥሎ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰርዝ። ሁሉንም ሰረዘ። አልጠየቀም፤ ወደ ቆሻሻ መጣያም አላኖረም፤ የተናገረው አንድ ቃል ቢኖር «ረቂቅ» የሚባል ፋይል ስላላገኘ ሊሰርዘው እንዳልቻለ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የማይፈለገውን አንዱን ነገር ባለማግኘቱ አዘነ ማለት ነው! (ፎቶግራፎቹ ቅጂያቸው ከወዳጆቼ ዘንድ ባይገኝ ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ በዚህ ልብ ባልጻፍሁት ነበር።)

ከዚህ በኋላ ስለዚያች ባዶ ቦታ ብዙ አሰብሁ። ሼል ቃልን ከቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ነው፤ «ውዳሴ ማርያም» ብለን የሰየምነውን ፋይል በጥቅስ ምልክት ካላቀፍንለት በቀር ውዳሴን አንድ፣ ማርያምን ሌላ አድርጎ ይፈልጋል። አባቶቻችን ግን በብራና ላይ ቃልን ከቃል የለዩት በሁለት ነጥብ ነበር፤ ማሽኑም ሁለት ነጥብን እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሚቆጥራት፣ «ውዳሴ፡ማርያም» ተብሎ በጥንቱ ሥርዓት የተጻፈ ስም ሳይከፈል አንድ ሆኖ ያልፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ ይህች ነጥብ አብራ ገብታለች፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከእርስዋ አይደለም፤ እኛው ነን በባዶ ቦታ የተካናት። የእጅ ጸሐፊው መለያየትን ራሱን በቀለም ይጽፈው ነበርና አንዳች ነገር ሳይጽፍ ቃል አይከፍልም፤ እኛ ግን ምንም ያልጻፍን እየመሰለን እንጽፋለን።

በእግዚአብሔር ዘንድ ቃልና ፈቃድ አይለያዩም፤ ይሁን ባለ ጊዜ የሆነው ያሰበው ነው። በሰው ዘንድ ግን በፈቃዱና በቃሉ መካከል ሁልጊዜ ባዶ ቦታ አለ፤ በኑሮአችን የማናየውም የሚሰማን ሰው በቸርነቱ ስለሚሞላልን ነው። «ያንን አምጪልኝ» ስንል ያመጣችልን «ያንን» ከቃላችን አውቃ ሳይሆን ከፊታችን አንብባ ነው። በወንጌል የተጠቀሰው መቶ አለቃ፣ ጌታ ከቤቱ ሳይገባ በቃል ብቻ ብላቴናውን እንዲያድንለት ሲለምን፣ ቃል ሥልጣን እንዳለው ከራሱ ወታደሮች ተምሮ ነበር፤ ነገር ግን ወታደሮቹ የአለቃቸውን ልብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ሼል ለአዛዡ ስለሚመልሰው መልስም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ሼል ሥራውን በደኅና በፈጸመ ጊዜ ዝም ይላል፤ በስውርም 0 ቁጥርን ይመልሳል፤ ሲሳሳት ግን ከ1 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይሰጣል። በፈተና ወረቀት ላይ አልቦን ፈርቶ ላደገ ተማሪ፣ ለዚያውም በግዕዝ አኃዝ አልቦ የሚባል ቁጥር እንኳ ለሌለው ሕዝብ ልጅ፣ ይህ የተገለበጠ ነገር ነው። ሆኖም ምክንያቱ መልካም ነው፦ የጥፋቱ ዓይነት ይታወቅ ዘንድ ብዙ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለደኅናው ግን አንድ ይበቃዋል። ዒላማን የመሳቱ መንገድ ብዙ፣ የማግኘቱ መንገድ አንድ መሆኑን ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ያስተማረ አርስጣጣሊስ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ይመስለኛል።

ያን ዕለት በማሽኑ ላይ ስቆጣ የእኅቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እሱ ምን አጠፋ? ያዘዙትን አይደል የፈጸመው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ከዚህ በመነሣት ታዛዥ ነው ብዬ ላመሰግነውም አልችልም። የመነኩሴ ተአዝዞ ዋጋ ያለው የሚተወው የራሱ ፈቃድ ስላለው ነው፤ የሚተወው የሌለው ምን ታዘዘ ይባላል? ኮምፒውተሩ ታዛዥም በደለኛም ካልሆነ፣ ዕዳው ሁሉ ወደ እኔ ይመለሳል። መምህራን ጥፋትን አውቆ በድፍረት የተሠራና ሳያውቁ በስሕተት የተሠራ ብለው ሲለዩ፣ የእኔ ከሁለተኛው ወገን ነው ብዬ ለመሸሸግ ሞከርሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለኝም፤ ማወቅ ይቻለኝ ነበርና፣ አንድ ጊዜ መለስ ብዬ ማንበብ ብቻ ይበቃኝ ነበርና። የአዛዡን ሐሳብ ገምቶ የሚሠራ ማሽን ቢሠራ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ግምቱ በተሳሳተ ቀን ቃሌ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራዬ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደምካሰስም አላውቅም።

አሁን ማንኛውንም የሚሰርዝ መስመር ከመፈጸሜ በፊት ኤኮን ከፊቱ አስቀድማለሁ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሼሉ ኮከቧን በስሞች ተክቶ፣ ሊሰረዙ የነበሩትን ፋይሎች ሁሉ፣ አንዱንም ሳይነካ፣ በስክሪኑ ላይ ይዘረዝራቸዋል። የኔታ ፊት ተቀምጬ ፊደልን በስንደዶ እየነካሁ እንደ ቆጠርሁ፣ ዛሬም ጣቴን በስክሪኑ ላይ አድርጌ ድምፄን ከፍ እያደረግሁ ከስም ወደ ስም እሄዳለሁ፤ የእኅቴ ልጅም ከኋላዬ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ስክሪኑን አሻራ በአሻራ አደረጉት» ይለኛል።