ባሮክ በቀለም ጻፈ

ታሪክ። ነገሩ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36 ነው። ኢዮአቄም በይሁዳ በነገሠ በአምስተኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ604 ገደማ፣ በዘጠነኛው ወር፣ በብርድ ጊዜ፣ የኔርያ ልጅ ባሮክ ከኤርምያስ አፍ ሰምቶ የጻፈውን ክርታስ በቤተ መቅደስ ለሕዝቡ አነበበ። ወሬው ለመኳንንቱ ደረሰ። አስጠርተው ለእነርሱም አስነበቡት፤ ሲሰሙም ደነገጡ። ለንጉሡ ከመንገራቸው በፊት ግን ይህን ሁሉ ነገር እንዴት እንደ ጻፈው ጠየቁት። ባሮክም ኤርምያስ በአፉ እየነገረው እርሱ በቀለም እንደ ጻፈ መለሰላቸው።

ክርስቲያን መጽሐፌ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ነው ሲል የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክት እንዲህ ብሏል፣ ጴጥሮስም መስክሯል የሚል ነው። ለሚያምን ይበቃዋል። ለሚጠይቅ ግን ባለ ጉዳዩን ለራሱ ምስክር አድርጎ ማቆም ይሆንበታል፤ ጥያቄውም በቅንነት የመጣ እንደ ሆነ ልንቆጣው አይገባም። የባሮክ መልስ አጭር ናት፤ ሊቃውንቱ በጉባኤ ቤት ንባብ እንደሚፈቱት ብትፈታ ግን ብዙ ነገር ይዛለች።

ኤርምያስ በአፉ ይነግረው እንደ ነበር መናገሩ ስለ ምን ነው ቢሉ፤ ቃሉ ከእኔ ልብ አልመነጨም ሲል ነው። ጊዜው የሽኩቻ ነበር። ናቡከደነፆር የግብፅን ጦር በከርከሚሽ ድል ከመታ ገና ብዙ አልቆየም፤ በይሁዳም ለግብፅ የሚያደላና ለባቢሎን እንገዛ የሚል ነበር። መኳንንቱ በነቢዩ ስም የጸሐፊው ምክር እንዳይሆን ሠግተው ጠየቁ፤ እርሱም ከነቢዩ ሰማሁ፣ ነቢዩም ከእግዚአብሔር ሰማ አላቸው። ይህን ፈለግ ይዘው ጸሐፊውን እንደ ዕቃ የቆጠሩ አሉ። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአቴናው አቴናጎራስ፣ ዋሽንት ነፊ በዋሽንቱ እንዲነፋ መንፈስ ቅዱስም በነቢያት ተናገረ ብሎ ጽፏል። ምሳሌው ያምራል፤ ግን ዋሽንት የሚወጣበትን ዜማ አያውቅም። በዚያው መቶ ዓመት በፍርግያ የተነሣው ሞንታኖስ፣ ነቢይ ልቡናውን ስቶ ይናገራል ወደሚል ስለ ገፋው፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን እውነተኛ ነቢይ አእምሮውን አጥቶ አይናገርም ብለው ተቃወሙት። እኔም በዚህ ፍቺ ላይ ብቻ የሚቆም ሰው መጽሐፉን ያከበረ መስሎት የሰዎቹን ፊት እንዳያጠፋ እፈራለሁ።

አንድም፤ በቀለም ጻፍሁ ማለቱ ድካሙን መናገሩ ነው። ምዕራፍ 45 ብዙ አንባቢ የሚያልፋት ትንሽ ምዕራፍ ናት፤ አምስት ቁጥር ብቻ አላት። ዘመኗ ኢዮአቄም በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ባሮክ ይህንኑ ቃል በሚጽፍበት ወቅት ነው። በዚያ ባሮክ ኀዘን በኀዘን ላይ ተጨመረብኝ፣ ዕረፍትም አጣሁ ብሎ ያማርራል፤ እግዚአብሔርም ለራሱ ታላቅ ነገር እንዳይመኝ፣ ነፍሱን ግን በየሄደበት እንደሚጠብቅለት ይነግረዋል። ብርዕ አያማርርም። መጽሐፉ የጸሐፊውን ምሬት ሳይደብቅ ከትንቢቱ ጋር አብሮ አኖረው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሉቃስ ሕልም አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ አላለም፤ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን ተከትሎ፣ ነገሩን ከመሠረቱ መርምሮ፣ በቅደም ተከተል መጻፉን በወንጌሉ መግቢያ ይናገራል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ጋብቻ ሲጽፍ የጌታ ትእዛዝ የትኛው፣ የራሱ ምክር የትኛው እንደ ሆነ ይለያል። ጤርጥዮስ የሮሜን መልእክት ከጳውሎስ አፍ ሲጽፍ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በገዛ ስሙ ሰላምታ ያቀርባል። ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ መቅረቱ እምነቴን ያጸናዋል እንጂ አያናውጠውም። መንፈስ ቅዱስ ሰውን የሚያነሣው ከነዕውቀቱ፣ ከነድካሙ፣ ከነቋንቋው ነው።

አንድም፤ ቀለም አለ፣ ቀለም ይጠፋልና። ከአፍ የወጣው ቃል ግን አይጠፋም። ንጉሡ በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ በፊቱም የእሳት ምድጃ ይነድ ነበር። ክርታሱን የሚያነብለት ይሁዲ የሚባል ሰው ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ በጸሐፊ ካራ እየቆረጠ ወደ እሳቱ ይጥል ጀመር፤ ክርታሱ በሙሉ እስኪያልቅ። ልብ በሉ፤ ተናድዶ አንድ ጊዜ አልወረወረውም። እየሰማ፣ ቃሉን በልኩ እየቆረጠ፣ መጽሐፍ በሚሠራበት መሣሪያ ነው መጽሐፉን ያጠፋው።

ከዚያስ ምን ሆነ ቢሉ፤ ኤርምያስ ሌላ ክርታስ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ ባሮክም የቀድሞውን ሁሉ ከነቢዩ አፍ እየሰማ እንደገና ጻፈ፤ ያንኑ የመሰለ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። በእኛ 81 መጻሕፍት ከሚቆጠሩት አንዱ ዕዝራ ሱቱኤልም ይህን የመሰለ ነገር ይናገራል። ሕጉ ተቃጥሎ ሳለ ዕዝራ መልኩ እሳት የመሰለ ጽዋ ጠጣ፤ አርባ ቀንም ለአምስት ጸሐፍት ነገራቸው። በአንዱ እሳት በላ፤ በሌላው እሳት የመሰለው መጻሕፍትን መለሰ።

የተጨመረበት የሚለው ቃል ለዛሬም ጥያቄ ይጠቅማል። የግሪኩ ኤርምያስ ከዕብራይስጡ በስምንተኛ እጅ ያህል ያንሳል፤ የምዕራፎቹም ተራ ይለያል። ቀድሞ የግሪክ ተርጓሚዎች ቆርጠውት ነው የሚሉ ነበሩ። በቁምራን ዋሻ ግን አጭሩን የሚመስል የዕብራይስጥ ቁራጭም፣ ረጅሙን የሚመስል ቁራጭም ተገኘ። ሁለቱም በጥንት አይሁድ እጅ ነበሩ ማለት ነው። የግዕዙ ብሉይ መጀመሪያ የተተረጎመው ከግሪኩ ነውና ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አንዳንዱ በዚህ ይደናገጣል፤ መጽሐፍ የእግዚአብሔር ከሆነ ከሰማይ አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ የወረደ መሆን አለበት ብሎ ያስባልና። ኤርምያስ ግን እንደዚያ አላለንም። መጽሐፉ ሁለት ጊዜ እንደ ተጻፈ፣ ሁለተኛው ከፊተኛው እንደ በዛ ራሱ ነግሮናል። ከፍቺዎቹ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

አንድም፤ ለመኳንንቱ በቀለም አላቸው፣ የቀረውን ከሰሚው ልብ ሊፈልገው። ያ ክርታስ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተነበበ፤ ለሕዝቡ፣ ለመኳንንቱ፣ ለንጉሡ። ቃሉ አንድ ነው። መኳንንቱ ፈሩ፤ ንጉሡና አሽከሮቹ አልፈሩም፣ ልብሳቸውንም አልቀደዱም። አባቱ ኢዮስያስ ግን ጸሐፊው ሳፋን የሕጉን መጽሐፍ ባነበበለት ጊዜ ልብሱን ቀድዶ አልቅሷል። ቃሉ የእግዚአብሔር ከሆነ ንጉሡን እንዴት አላስገደደውም ቢሉ፤ እግዚአብሔር ይጠራል እንጂ አይጎትትም። ማስረጃ ብቻውን ሰው አያሳምንም የምለውም ስለዚህ ነው።

ንጉሡን ክርታሱን አታቃጥል ብለው ከለመኑት ሦስት ሰዎች አንዱ የዚያው የሳፋን ልጅ ገማርያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በኢየሩሳሌም፣ በዳዊት ከተማ ቁፋሮ፣ ከሃምሳ ያህል የሸክላ ማኅተሞች መካከል ገማርያ የሳፋን ልጅ የሚል ተገኝቷል። ከተማይቱ በባቢሎናውያን እጅ ስትቃጠል ፓፒረሱ ነደደ፤ የታተመበት ጭቃ ግን በዚያው እሳት ጠንክሮ ቀረ። ይህ ማኅተም ገማርያ የሚባል ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል። ክርታሱ ከእግዚአብሔር መሆኑን ግን አይመሰክርም፤ ያንን ከጭቃ መጠበቅም አይገባም። ገማርያ ራሱ ያን ቀን ማኅተም አልጠየቀም፤ ሲነበብ ሰማ፣ ፈራ፣ በንጉሡም ፊት ቆሞ ለመነ።