በጎ ሥራ በሰዓት ይለካልን?



የፋሲካ በዓል ሲቃረብ በየሰፈራችን ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው እናቶቻችን ቤታቸውን ከእርሾ ለማጽዳት የሚያደርጉት ሽር ጉድ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ልጆች የምግብ ካርቶን ተሸክመው የፎቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ መታየታቸው ነው። ይህን ዕርዳታ እዚህ አገር «ቂምሓ ዴፒስሓ» ይሉታል፤ በአራማይክ ቋንቋ የፋሲካ ዱቄት ማለት ነው። ችግረኛው በበዓሉ ቂጣ እንዳያጣ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ የሚያዋጣበት ከጥንት የመጣ ልማድ ነው።

በቅርቡ ለመጣችሁ ወላጆች አንድ ነገር ላስረዳ። ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት በራሳቸው ፈቃድ ብቻ አይደለም። ከአሥረኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ተማሪ የባግሩት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ፈተናውን ማለፍ ብቻ አይበቃውም፤ ለኅብረተሰቡ አገልግሎት መስጠቱም ይታያል። አረጋውያንን ይጎበኛል፣ ትንንሽ ልጆችን ያስጠናል፣ ምግብ ያከፋፍላል። የሠራበት ሰዓት በቅጽ ላይ ይሞላል፤ ኃላፊውም ይፈርምበታል። በብዙ ትምህርት ቤቶች በትምህርታቸውና በአገልግሎታቸው የላቁ ልጆች በወላጆች ፊት ይመሰገናሉ።

አንድ አባት ይህን ቅጽ አሳዩኝና እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «በአገራችን ሰው ለሰው ሲደርስ ማን ይጽፍ ነበር? በሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈልበት ደግነት ንግድ አይሆንም ወይ?» ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ቤት ገባ።

እኔ ከቋራ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1999 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ለፋሲካ አሮጌው የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ አዲስ ሲሠራ አስታውሳለሁ። አያቴ ለቤታችን ማሰሮ ስትሠራ ለአንዲት ዓይነ ስውር ባልቴትም አንድ ትጨምር ነበር፤ የማደርሰውም እኔ ነበርኩ። እርግጥ ነው፣ ማንም በወረቀት አልጻፈልኝም። ነገር ግን አልተቆጠረም ማለት አይደለም። ማሰሮውን ሳላደርስ ወደ ጨዋታ ብሄድ ኖሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ከሰው ደቦ የቀረ ገበሬ የራሱ አዝመራ ሲደርስ ማን እንደሚመጣለት ያውቃል። ጎንደር ከተማ የቆያችሁም እድርን ታውቃላችሁ፤ በእድር ስም ይጠራል፣ ከለቅሶ የቀረም ይቀጣል። በእድር የተቀበረ ሰው ግን ያለ ፍቅር ተቀበረ አይባልም። እንግዲህ አባቶቻችን በአፍ ይቆጥሩ ነበር፤ እዚህ በወረቀት ይቆጥራሉ። መቆጠሩ ብቻ በጎውን ሥራ ንግድ አያደርገውም።

ይህን የምለው በራሴም ስለ ደረሰ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፔራሕ በሚባለው ፕሮግራም አገልግያለሁ። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1974 በሬሖቮት ከተማ በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም የተጀመረ ነው። ተማሪው አንድ ልጅ እየተከታተለ ያስጠናል፤ በለውጡ ለትምህርት ክፍያው ድጎማ ያገኛል። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ለገንዘቡ ነበር። የተሰጠችኝ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅጡ አላናገረችኝም። በአራተኛው ሳምንት የእናቷን የኤሌክትሪክ ሒሳብ አምጥታ «ይህን አንብቢልን» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰዓቴን አላይም ነበር ብል እዋሻለሁ። አይ ነበር፤ የማየው ግን ቶሎ እንዳያልቅብን ነበር።

የእስራኤል ሊቃውንትም ይህን ነገር አስበውበታል። በታልሙድ የሚገኘው የረቢ ሐኒና ትምህርት፣ ታዝዞ የሚያደርግ ሰው ሳይታዘዝ ከሚያደርገው ይበልጣል ይላል። መጀመሪያ ስሰማው ተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። በፈቃዱ የሚመጣ ሰው ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲሰለቸው ይቀራል። የታዘዘው ግን ልቡ እያመነታም ቢሆን ይመጣል። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌ ደግሞ በየሳምንቱ ማክሰኞ የማይቀር ልጅ፣ ስሜቱ በተነሣበት ቀን ብቻ ከሚመጣው ይሻላቸዋል።

ስለዚህ ለእኒያ አባት መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የገጠመኝ ጉዳይ መልሴ ጎደሎ መሆኑን አሳየኝ። ቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።

አንዲት እናት ሁለት ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ሁለቱም ከአንድ ትምህርት ቤት የተላኩ ነበሩ። የመጀመሪያው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ለፋሲካ ምግብ በማከፋፈል ያሳየውን ትጋት የሚያመሰግን ነው። ይህን ልጁ ራሱ አንብቦላቸዋል። ሁለተኛውን «ተራ ማስታወቂያ ነው» ብሎ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነበር። እናቲቱ ግን ማኅተሙን አይተው ጠረጠሩ። ሳነብላቸው፣ ልጁ ብዙ ቀን ከትምህርት ቤት መቅረቱንና ውጤቱም መውረዱን የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ።

እናቲቱ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው ዝም ብለው ተመለከቷቸው። ከዚያም «እኅቴ፣ የእኔ ልጅ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ልጁን አስጠርተን ስንጠይቀው ነገሩ ታወቀ። አያቱ የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ዕብራይስጥ አይሰሙም። እናቱ በፋብሪካ የጠዋት ፈረቃ ስላላቸው ወደ ኩፓት ሖሊም የሚወስዳቸውና የሚያስተረጉምላቸው እርሱ ነው። የቀረባቸው ቀኖች አብዛኞቹ እነዚያ ነበሩ። ደብዳቤውን የደበቀውም አያቱ «በእኔ ምክንያት ነው» ብለው ሐኪም ቤት መሄዱን እንዳይተዉ ፈርቶ ነው። «ለአስተማሪህ ለምን አልተናገርህም?» ብለው «ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ።

እስቲ እናስተውል። አንድ ልጅ ለማያውቀው ቤተሰብ ካርቶን ሲያደርስ ተመሰገነ። አያቱን ሲደግፍ ግን እንደ ሰነፍ ተቆጠረ። አስተማሪዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲሰሙ እጅግ አዘኑ። ወዲያውም «አያትህን የረዳህበትን ሰዓት በቅጹ ላይ እንሙላልህ» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ ቆየና «እርሷን ግን አታስፈርሙብኝ» ብሎ መለሰ።

ይህ አነጋገሩ ብዙ አሳሰበኝ። እኔ መቁጠር በጎ ሥራን አያበላሽም ብዬ ስከራከር የነበርኩ ሰው ነኝ። አሁንም እንዲያው ይመስለኛል። ነገር ግን ልጁ ሊቆጠርበት ያልፈለገ ነገር ነበረው፤ ትክክልም ነው። አያቱን የሚረዳው የልጅ ልጃቸው ስለ ሆነ ነው። በዚያ ላይ ቅጽ ቢሞላበት አያቲቱ በገዛ ቤታቸው ዕርዳታ ተቀባይ ይሆናሉ። ሆኖም አለመቆጠርና አለመታየት ይለያያሉ። ልጁ «አትቁጠሩብኝ» አለ እንጂ «አትዩኝ» አላለም። ትምህርት ቤቱ የልጁን ድካም ሳያይ መቅረቱን ብቻ ከቆጠረ ፍርድ ይጓደላል። እኛም ወላጆች የልጁን ሸክም እያየን ዝም ካልን እንዲሁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ረምበም ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። ከሁሉም በላይ ያስቀመጠው ካርቶን መስጠትን አይደለም። ችግረኛው በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ተደግፎ በእግሩ እንዲቆምና የሰው እጅ እንዳያይ ማድረግን ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የዚያ ልጅ ባግሩት ለቤቱ ከሁሉ የሚበልጥ ዕርዳታ ነው። አያቱን በማስተርጎም ትምህርቱ ቢቋረጥ ነገ እርሱም ካርቶን ጠባቂ ይሆናል። ስለዚህ የልጁን ደግነት እያመሰገንን ሸክሙን ግን ከትከሻው ማውረድ ነበረብን። እንዲህም አደረግን፤ ለአያቲቱ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ተገኘ፣ ቀጠሯቸውም ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። ልጁ አሁንም አንዳንዴ አብሯቸው ይሄዳል፤ ከትምህርት በኋላ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ልጃችሁ ከአገልግሎት ሲመለስ «ስንት ሰዓት ሞላህ?» ከማለት በፊት «ማንን አገኘህ? ስማቸው ማን ይባላል? ተቀምጠህ አጫወትሃቸው ወይ?» በሉት። የእኛም ልጆች ካርቶን ተሸካሚ ሲሆኑ ደስ ይበላችሁ፤ በር ከፍተን የምንቀበል ብቻ እንዳልሆንን ያያሉና። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ በቤት የተሸከመውን ነገር ለክፍል አስተማሪው ንገሩ። ገበና ማውጣት አይደለም። ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁን ከትምህርት እያስቀራችሁ አታስተርጉሙ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ለበሽተኛው ቋንቋና ባህል ተስማሚ እንዲያደርጉ ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ለማለት አትፈሩ።

እኒያን አባት በቅርቡ በሰፈራችን ገበያ አገኘኋቸውና የልጁን ታሪክ አጫወትኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ይቁጠሩ፤ ብቻ የሚቆጥረው ሰው ዓይን ይኑረው» አሉኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

መልካም የፋሲካ በዓል ለሁላችሁም ይሁን።