«ጠባዬ ነው» ስለሚባለው ነገር

በነቀምትም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ፣ ሰው አስቀይመን ስንወቀስ የምናቀርባት ምክንያት አንዲት ናት፤ «ምን ላድርግ፣ ጠባዬ ነው።» እስቲ ይህች ቃል እውነትነት እንዳላት እንመርምር።

ጥቂት አላት። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ አገር ፊኒየስ ጌጅ የተባለ የሐዲድ ሠራተኛ ባሩድ ሲጠቀጥቅ፣ የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ከሞት ተረፈ፤ ነገር ግን አስተዋይ የነበረው ሰው ተሳዳቢና ወላዋይ ሆነ። የተጎዳው ስሜትን ለመግታት የሚያገለግለው የግንባሩ አንጎል ነበር። እንግዲህ በመካከላችን ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም በማጅራት ገትር ታሞ ጠባዩ የተለወጠ ወንድም ቢኖር፣ «እምነቱን ጣለ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባናል።

ያው ጌጅ ግን ኋላ በቺሊ አገር ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ እየነዳ ኖሯል፤ ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የቆሰለ አንጎል ይህን ያህል ከተማረ፣ የእኛ ጤነኛው ምን ምክንያት አለው? የዘመናችን ሊቃውንትም የአንጎልን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እያዩ ብዙ መርምረዋል፤ ቁጣ ብቻዋን የተቀመጠችበት ጓዳ ግን አላገኙም።

ኦኔሲሞስ ነሲብን አስቡ። በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጡ። መራራ ሰው ቢሆኑ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እርሳቸው ግን ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ፤ ያረፉትም በ1931 በዚሁ በነቀምት ነው።