ማየት የተሳነውን ከመንገድ ያሳተ



ውድ እህት ወንድሞች፣ ዛሬ እንደ ወትሮው በአረንጓዴ ዳራ ላይ በሚያምር ፊደል የተጻፈ የሐዲስ ካርድ አልለጠፍንም። የጽጌረዳና የልብ ምልክትም አልደረደርንም። ሁሉም ነገር ተራ ጽሑፍ ነው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ኪታቡን ደግሞ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከመሻይኾች እግር ሥር ቁጭ ብዬ ቀራሁ። ከሁለት ወንድሞች ጋር ሆነን ለረመዷን የቁርኣን ኮርስ መመዝገቢያ የሚሆን አነስተኛ ዌብ አፕሊኬሽን ሠራን። ተማሪው ስሙንና ስልኩን ይሞላል፣ ትምህርቱን እዚያው ያዳምጣል፣ ፈተናውን እዚያው ይፈተናል። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

ሻዕባን ላይ ዘመድ ልጠይቅ ጋዝጊብላ ወረድኩ። አስከተማ ውስጥ አንድ ወጣት አለ፤ ስሙን አልጠራም። ዓይኑን ያጣው በሕፃንነቱ ነው። ዛሬ የሕግ ተማሪ ነው፤ ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ መጥቶ ነበር። ላፕቶፑን ስክሪኑን አጥፍቶ ነው የሚጠቀመው። ለእሱ ስክሪኑ ባትሪ ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም። ማሽኑ የሚያነብለትን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በቁልፍ ሰሌዳው ብቻ ይጓዛል፤ ፍጥነቱ ያስገርማል። «እስኪ የእኛን ኮርስ ክፈተውና ተመዝገብ» አልኩት። እኔም እንድሰማ ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለው።

ማሽኑ ማንበብ ጀመረ። «በተን። በተን። ግራፊክ። በተን።»

«ኡስታዝ፣ ይሄ ሁሉ ቁልፍ የምን የምን ነው?» አለኝ። ሥዕል ብቻ የለጠፍንባቸው ቁልፎች ናቸው፤ ስም አልሰጠናቸውም። ለዓይን የመጽሐፍ ሥዕል አለ፣ የድምፅ ማጉያ ሥዕል አለ። ለጆሮ ምንም የለም። ወደ ፊት ሲሄድ ደግሞ «ተመዝገብ» የሚለውን ጭራሽ ዘለለው። ቁልፍ አስመስለን ያቀለምነው ሣጥን እንጂ በኮዱ ውስጥ እውነተኛ ቁልፍ አልነበረምና። እኔ ቦታውን ነግሬው በመዳፊት ስንነካው የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል መጣ፤ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ ይላል። ይኼኔ ሳቀ።

«ኡስታዝ፣ ኑ ብላችሁ ጠርታችሁኝ በሩን ከውስጥ ቆልፋችሁታል» አለኝ።

ወላሂ፣ ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ሱረቱ ዐበሰ ነው። ለምን እንደወረደች ታውቃላችሁ። ነቢዩ ሙሐመድ ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ረዲየላሁ ዐንሁ መጣ። ዓይነ ስውር ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አያይም። አላህ ካሳወቃቸው ያስተምሩት ዘንድ ጠየቀ። ሰዎቹ ቢሰልሙ ብዙ ሕዝብ ይከተላቸዋል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበረና ፊታቸው ተለወጠ፣ ዞር አሉ። አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላም እስከ ቂያማ የሚቀራ ወቀሳ አወረደ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኢብኑ ኡሙ መክቱም የፊት መጨፍገግን ሊያይ አይችልም ነበር። ሰውዬው ባላየው ነገር ነው አላህ የተሟገተለት። የእኛ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ እሳቸው በደዕዋ ተጠምደው ነበር፣ እኛ ግን ጨርሶ አላሰብነውም። በድረ ገጻችን መዝገብ ላይ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ይታያል። በሩ ተቆልፎበት የተመለሰው ግን አይታይም። ስለዚህ «ማንም ቅሬታ አላቀረበም» እንላለን።

ከዚያ በኋላ ነቢዩ ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ኢብኑ ኡሙ መክቱምን ምን አደረጉት? ከእኛው ሐበሻ ከቢላል ረዲየላሁ ዐንሁ ጋር ሙአዚን አደረጉት፤ ከመዲና ሲወጡም ከተማዋን በአደራ የተዉለት ጊዜ አለ። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ለፈጅር አዛን የሚለው ሰዎች መንጋቱን ሲነግሩት ነበር። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ሱሑር ስንነጋገር ነው። እኔ አሁን ሌላ ነገር ታየኝ። ዓይን የምታመጣውን ወሬ ሌላ ሰው በቃል ነገረው፤ ሥራውን ግን ራሱ ሠራ። ማንም «አንተ አታይም፣ እኔ አዛን ልበልልህ» አላለውም። የኮምፒውተር ተማሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ ኦልት ቴክስት የምትሉት ነገር ይኸው ነው፦ ሥዕሉ ለዓይን የሚናገረውን በቃል ጽፎ ማስቀመጥ።

ዒትባን ኢብኑ ማሊክ ረዲየላሁ ዐንሁም አለ። ዓይኑ ደከመ፤ ዝናብ ሲዘንብ በእሱና በሰዎቹ መስጂድ መካከል ያለው ሸለቆ ይሞላበታል። የዋግ ልጅ ይህን ለማስረዳት ተፍሲር አያሻውም፤ ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ከዚህ ማዶ መዋል እዚህ ያለ ነገር ነው። ዒትባን ነቢዩ መጥተው ቤቱ ውስጥ እንዲሰግዱለትና ያንን ቦታ መስገጃ እንዲያደርገው ጠየቀ። ከአቡበክር ጋር ሆነው ሄዱለት። የት ላይ ልስገድልህ ብለው መጀመሪያ እሱን ጠየቁት። እኛ አፕሊኬሽን ስንሠራ የት ላይ ብለን የምንጠይቀው ማንን ነው?

ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። ስህተቱን ለማረም የፈጀብን ሁለት ሌሊት ነው፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። ቁልፎቹን እውነተኛ ቁልፍ አደረግናቸው፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጠን። የስምና የስልክ ሣጥኖቹ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ የሚታየውን ጽሑፍ ትተን ከሣጥኑ ጋር በኮድ የተሳሰረ መለያ ጻፍን። ያንን የተጣመመ ፊደል አነሳነው፤ በቦታው ወደ ስልክ የሚላክ ቁጥር ተተካ። ከኢንተርኔት የወሰድነው ቅጽ የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይናገር ኖሮ፣ አንባቢው ማሽን ፊደላችንን በእንግሊዝኛ አፍ ሊያነብ እየሞከረ ይደነቃቀፍ ነበር፤ ከላይ አንድ ቃል ቀየርንና አማርኛ ማንበብ ጀመረ። አንድ ቃል! ግራጫ ጽሑፋችንም ጠቆረ። ደንቡ በጽሑፉና በዳራው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን ይላል፤ ይህ ዓይነ ስውር ያልሆነውን፣ ዓይኑ የደከመውን ሽማግሌና በፀሐይ ላይ ስልክ የያዘውን እረኛም ይጠቅማል። መዳፊት ሳንነካ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄድንበት፤ እጁ የተጎዳ ወንድም የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነውና። መስማት ለተሳናቸው ትምህርቶቹን በጽሑፍ ማስቀመጥ ጀምረናል፤ ገና አልጨረስንም።

ይህ ሁሉ እኛ የፈለሰፍነው አይደለም። የዓለም አቀፉ ድር ማኅበር የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። የቅርቡ መመሪያ 2.2 የ2023 ነው። በ2025 በአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾች የፊት ገጽ ላይ በተደረገ ፍተሻ 94.8 ከመቶው ላይ ጉድለት ተገኝቷል፤ ብቻችንን አይደለንም ማለት ነው፣ ግን ይህ ማጽናኛ አይሆንም። ኢትዮጵያም በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ ነገሩ እንደ ምጽዋት የሚሰጥ አይደለም፣ ሐቅ ነው።

ያ ወጣት የሚጠቀመው ኤንቪዲኤ የተባለውን አንባቢ ነው። በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን ነው፤ ጄምስ ቴህም ተቀላቀለው፤ ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ሁለቱም ዓይነ ስውር ናቸው፤ ለማንም በነጻ ነው የሚሰጠው። አማርኛውን የሚያነብለት ነጻ ድምፅ የማሽን ድምፅ ነው፣ ጆሮ እስኪለምደው ያስቸግራል። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ «አለ» ሲል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ማሽኑ አይለይም። ይህን የምታስተካክሉ ልጆች ከእናንተ መካከል ትኖራላችሁ፤ ሥራው ተቀምጦ እየጠበቃችሁ ነው። በድሮ ፎንት የተጻፈውን አማርኛ ጭምር ያነብለታል ብላችሁ ግን አታስቡ፤ ማሽኑ የሚያገኘው የተደበላለቀ የላቲን ፊደል ነው። ስካን የተደረገ ኪታብም ለእሱ ባዶ ወረቀት ነው። የጁሙዓ ካርዶቻችንም እንዲሁ። ለዓመታት የለጠፍነው ሐዲስ ለእሱ «ኢሜጅ» ብቻ ነበር። ጽሑፍ የጻፍን ጊዜም ሶለዋቱን አሳጥረን በሦስት ፊደልና በነጥብ ስናስቀምጥ ማሽኑ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ያስቀይመዋል። «ሙሉውን ጻፉልኝ፤ እኔም አብሬ ሶለዋት አወርዳለሁ» አለኝ። እንግዲህ ዛሬ ሙሉውን የጻፍኩት ለዚያ ነው።

አንድ ወንድም «ስንት ዓይነ ስውር ሊመዘገብ ነው?» ብሎኛል። ዋግ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ይጠይቃል? የአማራ ክልል በዓለም ትራኮማ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይናቸውን የሚወጋቸውን፣ ሌሊት በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶችን አይተን አድገናል። መድኃኒቱ፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ፊት መታጠቡ ብዙዎችን አድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። የጠፋውን ብርሃን ግን አይመልስም። በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ከወሎ የወጣችው ጠበቃ የትነበርሽ ንጉሴ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ትምህርት ቤት የተከፈተላት ልጅ ነበረች። ያልተከፈተላቸው ስንት እንደሆኑ አላህ ያውቃል። ደግሞስ አንድ ብቻ ቢሆንስ? ዐበሰ የወረደችው ስለ አንድ ሰው ነው።

ኢማሙ አሕመድ ከኢብኑ ዐባስ ረዲየላሁ ዐንሁማ በዘገቡት ሐዲስ፣ ዓይነ ስውርን ከመንገድ ያሳተ የተረገመ ነው ተብሏል። እኔ ይህን ሐዲስ ሳስተምር የሚታየኝ በክፋት እጁን ይዞ ወደ ገደል የሚወስድ ሰው ነበር። ዛሬ ሰው ቁርኣን ሊማር፣ ሥራ ሊያመለክት፣ ገንዘብ ሊልክ የሚሄደው በስልክና በኮምፒውተር ነው፤ መንገዱ ይህ ሆኗል። መንገድ ላይ ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው «አላሰብኩትም» ቢል ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ ደግሞ ሁላችሁም ከልጅነታችሁ የቀራችሁት ነው።

እናንተ ባትሠሩም ትለጥፋላችሁ። ካርድ ከለጠፋችሁ ጽሑፉን ከሥሩ ድገሙት። ቪዲዮ ከለቀቃችሁ የሚነገረውን ጻፉበት። አሥር ጽጌረዳ ስትደረድሩ ማሽኑ አሥር ጊዜ ስሙን እንደሚጠራ አስቡ። የኮድ ሰዎች ደግሞ የሠራችሁትን ከመልቀቃችሁ በፊት ስክሪኑን አጥፍታችሁ በጆሮ ሞክሩት፤ ከተቻለም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው አስቀድሞ ይሞክረው፣ ለድካሙም ክፈሉት።

ያ ወጣት ትናንት የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ምዝገባውን ያለማንም እርዳታ ጨርሷል፣ ማሻአላህ። የልደት ቀን መምረጫው ግን ገና አስቸግሮታል፤ ወደ ኋላ ዓመት በዓመት ሃያ ጊዜ እየተጫነ ነው የደረሰበት። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ እንቀመጥበታለን ኢንሻአላህ።